በሎሚ ያጠብኋት የፍሬን ብረት

ውዴ ታደገ፣

ለሰው ቀርቶ ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናዝዤው የማላውቅ አንድ ነገር አለኝ። ዓይንህ አልታመመም ነበር። አንድም ቀን አልታመመም። ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ አንተም ሳታውቀው ሄድህ።

ካረፍህ በጥቅምት ሁለት ዓመት ይሞላሃል። የዘንድሮው ክረምት ገና መውጣቱ ነው። ውሃው ከሜዳው አልሸሸም፤ ከቁሐር ሚካኤል የሚመጡት ሰዎች ወረታ ገበያ የሚደርሱት እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው ነው። ቤታችን ደህና ነው። በስተምሥራቅ ያለውን ግድግዳ ምስጥ በልቶት ነበር፤ ወንድምህ መጥቶ ሁለት ምሰሶ ቀየረልኝ። ቡሬዋ ላም ወለደች። ልጃችን ዓለም ከባሏ ጋር ሐሙሲት ደህና ናት፤ ሴት ልጅ ተገላገለች። የሕፃኗ አፍንጫ ቁርጥ ያንተ ነው። ምን ይደረግ፣ ከእኔ አፍንጫ ይሻላታል።

ሌላም የተለወጠ ነገር አለ። ማንበብና መጻፍ ተማርሁ። አንተ በነበርህ ጊዜ ሁለታችንም ፊደል አልቆጠርንም ነበር። አርባህ ከወጣ በኋላ ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ፤ እንዝርቴን ይዤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር እየሄድሁ ተማሪዎቹ ፊደል ሲቆጥሩ እሰማ ጀመር። ከገበያ የፊደል ገበታ ገዝቼ ግድግዳው ላይ ሰቀልሁና በጆሮዬ የያዝሁትን ድምፅ በዓይኔ ከማየው ጋር እያመሳከርሁ ተማርሁ። ከዚያ ስኳር የሚጠቀለልበትን የጋዜጣ ቁራጭ ሁሉ እየሰበሰብሁ አነብብ ነበር። መጀመሪያ ብቻዬን ያነበብሁት ቃል «ማስታወቂያ» የሚል ነው። ምን እንደሚያስታውቅ ግን ወረቀቱ ከዚያ ላይ ተቀድዶ ስለ ነበር አላወቅሁም። ብትሰማ ትስቅብኝ ነበር።

እንግዲህ መጻፍ ከቻልሁ መጀመሪያ መጻፍ ያለብኝ ይህን ነው። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ዛሬ አልተውም፤ ለምን እንደሆነም በኋላ እነግርሃለሁ።

ሰው መካኒክ ይልህ ነበር እንጂ አንተ ራስህን የፍሬን ሠራተኛ ነኝ ነበር የምትል። በጣሊያን ጊዜ ጎንደር ጋራዥ ውስጥ ብረት ስታጥብ ከተማርኸው ሥራ ሁሉ ልብህ የገባው ይኸው ነበር። «ሞተር ቢበላሽ መኪናው ይቆምና ሰውየው በእግሩ ይመጣል፤ ፍሬን ቢበላሽ ግን ሰውየው አይመጣም» ትል ነበር። ሌላው ሰው እጁን በናፍጣ ታጥቦ ወደ ምሳው ሲሄድ፣ አንተ አንዲት የፍሬን ሞላ ይዘህ በፀሐይ ስታገላብጥ ትውል ነበር።

የሼህ እንድሪስ መኪና ከመጣ በኋላማ ባሰብህ። እህል ነጋዴው ሼህ እንድሪስ ጣሊያን ጥሎት የሄደውን ያን አሮጌ መኪና ጎንደር ገዝተው በሰውና በበሬ እያስጎተቱ ሲያመጡት ከተማው ሁሉ ወጥቶ አይቷል። ሲያስረክቡህ የተናገሩትን አልረሳውም። «ታደገ፣ መሄዱንማ በቅሎዬም ትሄዳለች። እኔ የምፈልገው ከመርከብ በወረደበት ቀን እንደ ነበረው እንዲሆን ነው» አሉህ። ለዚያች ንግግር ወደድኻቸው። ወደ ቤት ገብተህ «እንጉዳይ፣ ዛሬ ነገሬ የገባው ሰው አገኘሁ» አልኸኝ። እኔ ግን ያን ጊዜም ነገርህ አልገባኝም ነበር።

ኋላ ነው የገባኝ። ብረት ሁሉ ቆዳ አለው ትል ነበር። ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት፣ ታምቡሮው፣ በውጭ ቀለም ይቀባል፣ በውስጥ መያዣው ሸራ በሚያርፍበት በኩል ግን ራቁቱን ይሆናል። ፍሬን ሲረገጥ ሸራውን ወደ ታምቡሮው የምትገፋው፣ የጣት ያህል የሆነችው ብረት ደግሞ ቀለም አትቀባም፣ ራቁቷንም አትሆንም፤ ፋብሪካው ያለበሳት ጥቁርና ደብዛዛ ቆዳ አላት። የማያውቅ ሰው ወይ ቀለም ይቀባታል፣ ወይ ይፍቃታል። ቀለሙ ይላጥና መሐል ገብቶ ይነክሳል። ከተፋቀች ደግሞ የፎገራ እርጥበት በጥቂት ክረምት ይበላትና ፍሬኑ እንደ ተረገጠ ተጣብቆ ይቀራል፣ ወይም ጭራሽ አይዝም። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ጥጤን እያባዘትሁ «እህ» እልህ ነበር።

ሼህ እንድሪስ ከአስመራ አንዲት አዲስ ብረት አስመጡልህ። በሰም ወረቀት ተጠቅልላ፣ በክር ታስራ፣ የሰው እጅ ሳይነካት የመጣች። መኪናው ላይ ልትገጥማት አልነበረም የፈለግኻት። የሌሎቹን ቆዳ ከእሷ ጋር እያስተያየህ ለመሥራት ነበር። ሦስት ጊዜ ያህል ፈትተህ አየሃትና መልሰህ ጠቅልለህ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥሃት። ለእኔ አላሳየኸኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ከዚያ አሮጌዎቹን ብረቶች ትቀቅል ጀመር። መጀመሪያ በላምባ ታጥባቸዋለህ። በጨው ውሃ አርሰህ ሆን ብለህ ታዝጋቸዋለህ። ቀይ ዝገት ሲያወጡ ከግራር ልጣጭ ጋር ድስት ውስጥ ትከትታቸዋለህ፤ ሲፈላ ቀዩ ይጠቁራል። በሽቦ ብሩሽ ትጠርጋቸውና እንደገና ታዝጋቸዋለህ፤ እንደገና ትቀቅላቸዋለህ። እስከ ሰባት ጊዜ። በመጨረሻ ገና ትኩስ ሳሉ በሰም ታሻቸዋለህ። ድስቱ የእኔ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ወጥ ሳይሠራበት ቀረ። «ዛሬ ምን ወጥ ነው፣ የሞላ ነው የብሎን?» ብዬ ስቀልድብህ፣ «የጾም ነው፤ ቅቤ አይገባበትም። አንቺ ዝም ብለሽ እንጨት ጨምሪ፣ ሲበስል አቀምስሻለሁ» ትለኝ ነበር። እውነቱን ነው የምነግርህ፣ ጥቁረቱ እድፍ መስሎኝ ነበር። ዝገቱን እያስለቀቅህ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ፍቀህ የምታነጻቸው መስሎኝ ነበር። እናቴ ያስተማረችኝ ብረት ንጹሕ የሚባለው ሲያበራ ነው።

የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ የቁሐር ዘመዶችህ እንግድነት ይመጡ ስለ ነበር ቤቱን ሁሉ ገለበጥሁት። ጥራጊውን አቃጠልሁ፣ ዕቃውን አጠብሁ፣ የመደርደሪያህን አቧራ ጠረግሁ። ያችን ጥቅልል አገኘኋት። አንተ ገበያ ነበርህ። ፈታሁና አየኋት። ጥላሸት የነካት ነበር የምትመስል። እንዲህ ባለ ንጹሕ ወረቀት ውስጥ እንዲህ ያለች ቆሻሻ ብረት! አዘንሁልህ። ሲደክምህ፣ ጊዜ ስታጣ ታየኝ። ይህችን እንኳ እኔ ልጨርስለት ብዬ በሎሚና በአመድ አሸኋት። ሎሚው ጥቁሩን ቶሎ ነው ያስለቀቀው። ጥርሴ በእሷ ላይ እስኪታየኝ አጠብኋት፣ በቀሚሴ ጫፍ አደረቅኋት፣ እንደ ነበረች ጠቅልዬ ክሩን አሰርሁ። ሲፈታት ይደነቃል ብዬ ደስ አለኝ። ያን ቀን በጣም ነበር የምወድህ ታደገ።

ሼህ እንድሪስ በታኅሣሥ መጀመሪያ መጡ። ከዋንዛው ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጡ። የጨረስሃቸውን ብረቶች በነጭ ጨርቅ ላይ ደረደርህላቸው፤ ሁሉም ዝናብ እንዳዘለ ደመና ጠቁረዋል። «አሁን ከፋብሪካዋ ጋር ያስተያዩልኝ» ብለህ ጥቅልሏን መፍታት ጀመርህ። እኔ ብርዝ ይዤ ከጓዳ እየወጣሁ ነበር። ማን ነው እንዲህ ያሳመራት ብለህ ስትጠይቅ ለመስማት ቸኩዬ ነበር።

ወረቀቱ ሲፈታ ብረቷ እንደ አዲስ ማንኪያ አበራች።

ሼህ እንድሪስ እሷን አዩ፣ ያንተን ሥራ አዩ፣ ከዚያ ሳቁ። የክፋት ሳቅ አልነበረም። «ታደገ፣ ወንድሜ! ነጭ አሳይቼህ ጥቁር ሠራህልኝ? ሠርግ ጠርቼህ የለቅሶ ልብስ ለብሰህ መጣህ እኮ!» አሉ።

አንተ አልሳቅህም። ብረቷን ወደ ፀሐይ ያዝሃት፣ ገለበጥሃት፣ በአውራ ጣትህ ዳበስሃት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረህ «እንጉዳይ፣ ይህችን ብረት ነክተሻታል?» አልህ። ቁጣ አልነበረብህም። ማወቅ ብቻ ነበር የፈለግህ።

ጓዳ ውስጥ አንተ፣ በሰው ፊት አንቱ ነበር የምልህ። «እኔ? ምኔ ሞኝ ነው የአንቱን ዕቃ የምነካ!» አልሁ።

ለምን እንዲህ እንዳልሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። የሼሁን ሳቅ ፈራሁ። በእንግዳ ፊት ሞኝ ሚስት ሆኜ መታየት ፈራሁ። አንተ ብረቷን ቀስ ብለህ ጨርቁ ላይ አስቀመጥሃትና «እንግዲያስ ዓይኔ ነው» አልህ።

ከዓይንህ ይልቅ እኔን አመንህ።

ሼህ እንድሪስ ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ነው ነገሩን ያባሰው። «አይዞህ፣ ዓይን እኮ ይደክማል፤ የእኔም አባት ቀለም መለየት አቅቶት ነበር» እያሉ አጽናኑህ። መኪናውንም ብረቶቹንም ጎንደር አስወሰዱ፤ እዚያ ያሉት ጋራዦች ሁሉንም ፍቀው ነጭ አደረጓቸው። በኋላው ግራ ጎማ ላይ አንተ ቀድመህ የገጠምሃቸው ብቻ መፍታቱ አስቸግሯቸው ሳይነኩ ቀሩ። ሼህ እንድሪስም ከሱቃቸው በረንዳ ላይ ለሚቀመጡት ሹፌሮች «ምስኪን ታደገ፣ ዓይኑ ከዳው፤ እንዲህ ያለ እጅ ይዞ!» እያሉ አወሩ። ስላዘኑልህ ነው ያወሩት። በአንድ ሳምንት ወረታ ሁሉ አዘነልህ።

ሹፌሮች ግን መምጣታቸውን አልተዉም ነበር። «ፍሬኔ ይጮኻል፣ እስቲ እየው» ይሉሃል፤ «ዓይኔን ሳላምን የሰው ነፍስ በእጄ አልይዝም» ብለህ ትመልሳቸዋለህ። መፍቻህንና ካቻቪቴህን በዘይት ጨርቅ ጠቅልለህ ሣጥን ውስጥ ከተትህ። ከወንድምህ ጋር ቁሐር ወርደህ ሽምብራና ጓያ ትዘራ ጀመር። ውሃ በሸሸበት ጥቁር አፈር ላይ ጎንበስ ብለህ ሳይህ ዛሬ እነግረዋለሁ እል ነበር። ምሳህን ይዤ እመጣለሁ፣ አጠገብህ እቀመጣለሁ፣ ስለ ጥጃው፣ ስለ ዝናቡ አወራለሁ፣ ባዶ ሳህኔን ይዤ እመለሳለሁ። በቆየ ቁጥር የምነግርህ ነገር ሁለት እየሆነ ሄደ፤ ያጠፋሁትና የዋሸሁት። ኋላ ሦስት ሆነ፤ ዝም ማለቴ ተጨመረበት።

ሰዎች ወንዛዬ ፍል ውሃ ለዓይን ይሆናል ሲሉህ አብሬህ ሄድሁ። ሰባት ቀን ሙሉ በእጄ እየቀዳሁ ደህና ዓይንህን አጠብሁት። በሦስተኛው ቀን እንባዬ እጅህ ላይ ጠብ ሲል ተሰማህና «ተይ፣ አታልቅሺ፤ ትንሽ ተሽሎኛል» አልኸኝ። ያዘንሁልህ መሰለህ። ስንመለስ ከርቀት ሳር ውስጥ የቆሙትን ወፎች ከእኔ ቀድመህ አየሃቸው፤ ስንት እንደሆኑ እንኳ ቆጠርህ። እኔ ደስ ብሎኝ ታያለህ እኮ ብልህ፣ «ቅርጹንማ አያለሁ፣ ቀለሙ ነው የሚከዳኝ» አልህ።

ከዚያ ወዲያ ቀለም የምትጠይቀው እኔን ነበር። ይህች ጊደር ቀይ ናት አይደል ትለኛለህ። ቀይ ናት እልሃለሁ። ለፋሲካ ነጠላ ልትገዛልኝ ገበያ መሐል ቆመህ «ጥለቱ አረንጓዴ ነው ወይስ ሰማያዊ?» አልኸኝ። አረንጓዴ እንደሆነ ታይ ነበር፤ ግን ከእኔ አፍ እስክትሰማው ድረስ አታምንም። ያን ነጠላ አንድ ቀንም በደስታ አልለበስሁትም።

ወባው ሲይዝህ ሦስት ቀን ብቻ ነው የቆየህ። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ በረድ ሲልልህ «ዓይኔ ቢሆንልኝ ኖሮ የሼህ እንድሪስን መኪና እጨርስላቸው ነበር» አልህ። ውሃ ይዤልህ ነበር። አጠጣሁህ። አፌን ከፈትሁ፤ ከዚያ ትንሽ ይተኛ ብዬ ዘጋሁት። ይቅር በለኝ።

አሁን ለምን ዛሬ እንደምጽፍ ልንገርህ። ባለፈው ሐሙስ ሼህ እንድሪስ መጡ። መኪናው ከሐሙሲት ሲመለስ ፍሬኑ ተጣብቆ መንገድ ላይ ቀርቶባቸው ነበር። አስፈትተው ሲያዩ በጎንደር ነጭ የተደረጉት ሁሉ ቀይ ዝገት በልቷቸዋል። በኋላው ግራ ጎማ ያሉት ያንተዎቹ ግን አንተ ትተሃቸው እንደሄድህ ናቸው። አንዷን በጨርቅ ጠቅልለው ይዘውልኝ መጥተዋል። ከአስመራም አዲስ አስመጥተው ነበር፤ እሷንም ከሰም ወረቀቷ ፈትተው ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። መለየት አይቻልም።

«እንጉዳይ» አሉኝ፤ «ፋብሪካው ቀለም ቀየረ መሰለኝ። ታደገ ነፍሱን ይማርና፣ ዓይኑ ጠፍቶ እንኳ ፋብሪካውን ቀድሞት ነበር! ዓይኑ ደህና ቢሆን ምን ይሠራ ነበር?»

ራሳቸውን እየነቀነቁ ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ከዚያ አሠራሩን ጠየቁኝ። ጎንደር የሚያውቀው የለም፤ አንቺ ምድጃው አጠገብ አልነበርሽም ወይ አሉኝ። ነበርሁ። ስንት ጊዜ እንደሚቀቀል፣ ውሃው ምን ያህል ጨው እንደሚይዝ፣ ሰሙ ከሸራው ምን ያህል መራቅ እንዳለበት አውቃለሁ። እሺ፣ ጽፌ እሰጥዎታለሁ አልሁ። ለሚመጣው ሐሙስ ቀጠርኋቸው።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ሁለቱን ብረቶች እያሰብሁ ብዙ ተቀመጥሁ። አሠራሩን ብቻ ጽፌ ብሰጥ ሰዉ ሁሉ ያመሰግነኛል። የዓይነ ስውሩ መካኒክ ሚስት፣ ጎበዝ፣ የባሏን እጅ አልረሳችም ይሉኛል። አንተም ዓይኑ የጠፋ ሰው ሆነህ ትቀራለህ። ለልጅ ልጃችን አያትሽ ዓይኑ ጠፍቶ ነበር ብለው ይነግሯታል። ከእንግዲህ ይህን መስማት አልችልም።

እፈራለሁ፤ አልዋሽህም። የዓለም አማቶች ምን እንደሚሉ አላውቅም። ወንድምህ ያን ሁሉ ጊዜ ከአንተ ጋር አብሮ ያዘነው በእኔ ውሸት እንደ ነበር ሲሰማ ደጄን ይረግጥ እንደሆነ አላውቅም። ነፍስ አባቴም ይቆጡኛል፤ ደግም ያደርጋሉ። እሁድ ሄጄ እናዘዛለሁ። ግን የበደልሁት አንተን ስለሆነ መጀመሪያ ላንተ ነገርሁህ።

አንድ ነገር ቃል እገባልሃለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ስምህ በተነሣ ቁጥር ዓይንህን አብሬ አነሣለሁ። በጥላው ውስጥ ጥቁሩን ከግራጫው የሚለይ፣ ሜዳ ማዶ ያለውን የሚቆጥር፣ ከፋብሪካ የወጣን ሥራ አይቶ ያንኑ በእኔ ድስት የሠራ ዓይን ነበር። በሙት ዓመትህ ለሚመጣው ሰው ሁሉ እነግራለሁ። ልጅቱም ስታድግ ከእኔ ትሰማለች፤ ያንተንም የእኔንም።

የብረቱን አሠራር በሌላ ወረቀት ጽፌዋለሁ። እሱ የሚሰጠው ይህ ከተነበበ በኋላ ነው። ይህን ደብዳቤ ሐሙስ ዕለት ከእጄ የሚቀበሉት ሼህ እንድሪስ ናቸው። በረንዳቸው ላይ፣ ሹፌሮቹ ሁሉ በተቀመጡበት፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲያነብቡት እለምናቸዋለሁ። እኔም እስኪጨርሱ ድረስ እዚያው እቆማለሁ።

ሚስትህ እንጉዳይ
ወረታ